በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ወደ ካቴድራል ሲገባ



ባለፈው ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻድቅ ቅመሱ ተብለን ከአንዲት እናት ቤት ገባን። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጸሎቱም ከደረሰ በኋላ እንግዶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ እኔን «ቆዩ» ብለው አስቀሩኝ። ከጓዳ ገብተው በቆዳ ማኅደር ያለ መጽሐፍ ይዘው ወጡና ተሳልመው ከጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። የአማታቸው የብራና ዳዊት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ጧት ጧት ይደግሙበት ነበር፤ እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን የሚያነበው በመጥፋቱ ከግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ይኖራል።

«መምህር፣ ልደብቅዎ አልፈልግም» አለ ጐልማሳው ልጃቸው። «አንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቶታል። መጽሐፉን በሙሉ አልፈልግም፤ ሥዕል ያለባቸውን አራት ቅጠሎች ብቻ ቁረጡልኝና ዋጋቸውን ልክፈላችሁ ይላል። ቤታችን እንደሚያዩት ነው፤ ጣራው ያፈሳል፤ የልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ። መጽሐፉ ይቀርልናል፤ የሚጎድለው አራት ቅጠል ነው።»

እናትየዋ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። እኔም ፈጥኜ አልመለስሁም። ነውር ነው ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ በሚያፈስ ጣራ ሥር ለሚያድር ሰው ግን ግሣጼ ብቻውን መልስ አይሆንም። ስለዚህ በዘመናችን በእጅ ስለ ተጻፈ ስለ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበብሁትን ነገርኋቸው፤ ለእናንተም ያንኑ እነግራችኋለሁ።

በሰሜን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በተባለው ግዛት ውስጥ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ስም የሚጠራ የካቶሊካውያን መነኮሳት ገዳም አለ። ገዳሙ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተል ሲሆን ከእርሱ ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ ተያይዞ ይገኛል። እነዚህ መነኮሳት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ነገር አሰቡ፤ ይኸውም ብሉይንና ሐዲስን በሙሉ እንደ ጥንቱ በብራና ላይ፣ በላባ ብርዕ፣ በሰው እጅ ማስጻፍ ነው። ማተሚያ ቤት በሞላበት፣ ቃሉም በኪስ ስልክ በሚነበብበት ዘመን ይህን ማሰብ ለብዙ ሰው ዕብደት ሳይመስለው አልቀረም።

ሥራው የተሰጠው ዶናልድ ጃክሰን ለተባለው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ላለው የዘውድ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ያገለገለ ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስን በእጁ መጻፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። በዌልስ አገር ባለው የጽሕፈት ቤቱ ረዳት ጸሐፊዎችንና ሠዓሊዎችን ሰብስቦ በ2000 ዓ.ም. ጀመረ። መጀመሪያ የጻፈው የኦሪት ዘፍጥረትን መክፈቻ ሳይሆን የዮሐንስ ወንጌልን መነሻ ነው። የመጨረሻው ቃል «አሜን» የተጻፈው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ብርዑ ከተነሣ እስኪቀመጥ ድረስ 11 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

መጽሐፉ በሰባት ጥራዝ ተከፍሎ ከ1,100 በላይ ገጾች አሉት፤ በወርቅና በቀለም ያጌጡት ሥዕሎች 160 ያህል ናቸው። ተገልጦ ሲዘረጋ ወርዱ 80 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱም ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል። ብራናው የጥጃ ቆዳ ነው። የሚጻፍበት ብርዕ ከዝይ፣ ከቱርክ ዶሮና ከስዋን ላባ የተቀረጸ ነው። ቀለሙ ከተፈጨ ድንጋይና ከአፈር ተዘጋጅቶ በእንቁላል አስኳል ይለወሳል። ወርቁን በገጹ ላይ ለማጣበቅ ጸሐፊው በቀጭን ቱቦ የአፉን እስትንፋስ ይነፍስበታል፤ ማጣበቂያው በእስትንፋሱ ሙቀትና ርጥበት ሲለሰልስ ወርቁ ይያዛል። ሆኖም እነዚህ ሰዎች አዲሱን ጥበብ አልናቁም፤ እያንዳንዱ መስመር የት ጀምሮ የት እንዲያልቅ አስቀድመው የወሰኑት በኮምፒውተር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የስሕተታቸው አያያዝ ነው። ጸሐፊ ሰው ነውና አልፎ አልፎ አንድ መስመር ዘለለ። ያን ሁሉ የደከሙበትን ብራና መጣል አይቻልም፤ ቃሉንም አጉድሎ መተው አይገባም። ስለዚህ የቀረውን መስመር በገጹ ግርጌ ጻፉና፣ በአንዱ ስፍራ ወፍ፣ በሌላው ንብ ሥለው፣ ያ ትንሽ ፍጥረት መስመሩን በገመድ ወደ ቦታው ሲጎትተው አሳዩ። ስሕተቱ ታወቀ፤ ታረመ፤ ጌጥም ሆነ። የንስሐን ነገር ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል?

ዋናው መጽሐፍ በገዳሙ ይጠበቃል። በመጠኑ ከዋናው እኩል የሆነና በብዙ ጥንቃቄ የታተመ፣ ወርቁም በእጅ የተስተካከለ ቅጂ ደግሞ በ299 ተወስኖ ተዘጋጅቷል። ከእነዚህም አያሌዎቹ ወደ ካቴድራሎች፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎችና ወደ ሆስፒታሎች ገብተዋል። ከዚህም በላይ ክብር ካላቸው ጥቂት ልዩ ቅጂዎች በ2008 ዓ.ም. የሮማው ፓፓ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የጥበብን መጻሕፍት ክፍል ተቀብለዋል፤ በ2015 ዓ.ም.ም ለአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ተሰጥቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ታሪካዊ ካቴድራል እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲቀበል ምን ተቀበለ እንላለን? ዕቃ ብቻ ከሆነ የመስታወት ሣጥን ይበቃዋል። መጽሐፍ ግን ዕቃ አይደለም፤ ካልተገለጠ ዝም ያለ ምስክር ነው። መጽሐፉ ወደ ካቴድራል ገባ የሚባለው በደጁ ሲያልፍ ሳይሆን፣ ገጹ ሲገለጥ፣ ሕዝቡም ሲያነበውና ሲሰማው ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉ ጥላ ተይዞለት፣ መብራት ቀድሞት የሚወጣው ለጌጥ አይደለም፤ ሊነበብ ነው። እምነታችን ከእነዚያ መነኮሳት የሚለይበት ነገር ቢኖርም፣ ለቃሉ ያሳዩት ድካም ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እንዲያውም ድካሙ ከማንም ይልቅ የእኛ አባቶች የሚያውቁት ነው። የፍየሉን ቆዳ በውኃ ነክረው፣ በመወጠሪያ ወጥረው፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ፍቀው ብራና ያወጣሉ። መስመሩን በወስፌ ያሰምራሉ። ብርዑን ከመቃ ይቀርጻሉ፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል አዋሕደው በቀንድ ያኖራሉ፤ ቀዩን ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይለዩታል። በገጹ ራስ ሐረግ ይስሉበታል፤ በእንጨት ገበታ ጠርዘው በቆዳ ይለብዱታል። ቃል የዘለለ ጸሐፊም በመስመሮቹ መካከል በደቂቅ ፊደል ያገባዋል፤ ወይም ከኅዳጉ ጽፎ ቦታውን በምልክት ያሳያል። በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል በሳይንስ ሲመረመር ብራናው ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ሲጽፉ ፀሐይ ቆማ እንደ ጠበቀቻቸው በትውፊት ይነገራል። ያን ወንጌል ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ጠብቀው ያኖሩት ባለጠጎች አይደሉም፤ መነኮሳት ናቸው።

ደግሞ ስሙ፤ ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው ይህ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በእጅ ያስጻፈው ያው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በ1965 ዓ.ም. አንድ የብራና መጻሕፍት ቤት አቋቁሟል። በ1973 ዓ.ም. ከተጀመረው ሥራ የተነሣም በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በዚያ ይገኛል። የሄደው ፊልሙ ነው፤ መጽሐፉ ከባለቤቱ ዘንድ ቀርቷል። እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ አንብበው ዝርዝራቸውን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ወደዚያ ሄደው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ብራና ሲያነቡ ኖሩ። እግር የተከለከለ ሰው በዓይኑና በብርዑ ስንት ገዳም ዞረ!

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ዳዊቱን ገለጥሁና ነጋዴው ከመረጣቸው ቅጠሎች አንዱን አወጣሁ። በፊቱ ንጉሥ ዳዊት በገና ሲደረድር ተሥሏል።

«ሥዕሉን አየኸው፤ አሁን ገልብጠው» አልሁት።

ገለበጠው። በጀርባው መዝሙር ተጽፏል።

«ይህ ሲቆረጥ ሥዕሉ ብቻ አይሄድም፤ አባትህ የደገሙት መዝሙርም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀርልህ ዳዊት ሳይሆን የተነደለ ቆዳ ነው።»

ከመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ የጸሐፊው ስምና የአስጻፊው ስም፣ በጸሎት አስቡን ከሚል ልመና ጋር ተጽፎ አገኘን። ጮክ ብዬ አነበብሁት። እናትየዋ የአማታቸውን የክርስትና ስም ሲሰሙ ቀና አሉ። «መምህር፣ ይህ እዚህ እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ስሳለመው ኖርሁ፤ ስማቸውን ግን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም» አሉኝ። ልጁም መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ ማኅደሩ መለሰው፤ ነጋዴውንም እንደማይሸጥለት ነገረው።

አንባብያን ሆይ፤ ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ጣራው ግን ዛሬም ያፈሳል። እኛ ቅርሱን ጠብቁ፣ አትሽጡ እያልን ድሀውን ባዶ እጁን ብንተወው ጥበቃውን በእርሱ ትከሻ ላይ ብቻ መጫናችን ነው። የሰበካው ማኅበርተኞች ቆርቆሮውን በጋራ ለመግዛት ተነጋግረናል፤ ክረምት ሳይገባ እንድንፈጽመው ያስፈልጋል። በየአጥቢያችሁም እንዲህ ያለ ቤት ይኖራልና ጠይቁ።

በቤታችሁ የብራና መጽሐፍ ያላችሁ ደግሞ እነዚህን ነገሮች አስቡ። ከምድጃ ጢስ፣ ከርጥበትና ከፀሐይ አርቁት፤ ከአይጥም ጠብቁት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ቅባትም አትቀቡት። እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ ግለጡት። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ካሜራ አንሡና ቅጂውን ከሁለት ስፍራ አኑሩ። የጸሐፊውንና የአስጻፊውን ስም ካህን እንዲያነብላችሁ አድርጋችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከየት እንደ መጣ ሽማግሌዎች የሚያውቁትንም ጨምሩበት። በሀገረ ስብከትና ቅርስን በሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አስመዝግቡት፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላልና። ከሁሉም በላይ ግን አስነብቡት። ፊደል የቆጠረ ልጅ ካላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ መዝሙር ጥቂት መስመር ያንብብላችሁ፤ ቢሳሳትም የሚያርመው ሰው ፈልጉለት።

ታላቁ ካቴድራል መጽሐፍ ሲቀበል ደወል ይደወላል፤ ሕዝብም ይሰበሰባል። የእናንተ ቤት ግን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ መጽሐፉም ከገባባት ቆይቷል። የቀረው ከግድግዳው አውርዶ መግለጥ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።