መግለጫ የማትሰጥ እንቁራሪት

እስቲ ልጠይቃችሁ። ባሌ ተራሮች ሲባል ቶሎ ምን ትዝ ይላችኋል? ቀይ ቀበሮ፣ ቢበዛ የደጋ አጋዘን። አልፈርድባችሁም፤ የምናነበውም የምናየውም እሱኑ ነው። እዚያው ግን ዜና ስትሆን ሰምቼ የማላውቃት እንቁራሪት አለች።

ሳይንሱ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ ይላታል፤ በሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አካሏ ድብልብል፣ እግሮቿ አጫጭር ናቸው። ከመዝለል ይልቅ ለመቆፈር የተሠራች ነው የምትመስለው። በደቡባዊ አፍሪካ ያሉት ዘመዶቿም በኋላ እግራቸው አፈር እየማሱ የሚቀበሩ፣ ሲዘንብ ብቅ የሚሉ ናቸው። እሷ የተገኘችው በሐረና ደን የላይኛው ክፍል፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ግድም፣ ኮሶው ለአስታ ቦታ በሚለቅበት አካባቢ ነው። ከባሌ ውጪ በዓለም የትም አልተገኘችም። የቅርብ ወገን የሚሆን ሌላ ዝርያም የላትም፤ እሷ ከጠፋች ዘሩ ከነስሙ አለቀ ማለት ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስቀምጧታል።

አደጋው የተደበቀ አይደለም። ዛፉ ይቆረጣል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ አስታው ይቃጠላል። ጥላው ሲነሳ አፈሩ ይደርቃል። በርጥብ አፈር ለምትኖር እንቁራሪት ደግሞ ይሄ ቤት ማጣት ነው።

«ሰው በተቸገረበት አገር ስለ እንቁራሪት ታወራለህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም የሐረና ገበሬ ይባረር አላልኩም፤ ማገዶ የሚቆርጠው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው። ነገር ግን እሷን የሚያኖረው ርጥብ አፈር ወደ ገናሌ የሚወርዱትን ውሃዎችም ይመግባል። የእሷና የገበሬው ጉዳይ አንድ ዘገባ እንጂ ሁለት አይደለም።

ችግሩ ያለው እኛ ሙያ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ጋዜጠኛ መግለጫ ሲጠራ ይሄዳል፤ እንቁራሪት ግን መግለጫ አትሰጥም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስታው ተዘገበ። ከቅርሱ ውስጥ ምን እየጠፋ እንደሆነ የሚጠይቅ ዘገባ ግን ለቁጥር የሚበቃ አላየሁም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለፊቸር ኮርስ ከሚሰጡን ርዕሶች አንዱ፣ ተጠርተን የማንሄድበት፣ ፈልገን የምናገኘው ጉዳይ ይሁን። የመጀመሪያውን እኔ ልውሰድ፤ በዚህች እንቁራሪት እጀምራለሁ።