የቃል ታሪክ በነቀምቴ ክፍሎች ውስጥ

እንግሊዝኛ መውደድንና ድካምን አንድ ቤት ያሳደራቸው ይመስላል። ዛሬ መውደድን የሚገልጸው ፎንድ የሚባለው ቃል በ14ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉሙ ሞኝ ነበር፤ ለሚወደው የሚሞኝ ሰው መጠሪያ ከሆነ በኋላ ሞኝነቱ ቀስ እያለ ለቆት መውደዱ ብቻ ቀረ። ሼክስፒር በ«ንጉሥ ሊር» ቃሉን በጥንቱ ትርጉም ስለተጠቀመበት፣ የዛሬውን ፍቺ ብቻ የያዘ ተማሪ ሽማግሌው ንጉሥ ሞኝነቱን ሲናዘዝ አፍቃሪነቱን የሚናገር ይመስለዋል። «ደስ የሚል» የሚባለው ናይስም ከላቲን ሲነሳ «የማያውቅ» ማለት ነበር። ትንሽ የባሕርይ ጉድለትን የሚጠራው ፎይብል ደግሞ ደካማ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል መጥቶ፣ በሰይፈኞች ዘንድ ከስለቱ መካከል እስከ ጫፉ ያለውን፣ ግፊት የማይችለውን ክፍል ይሰየምበት ነበር።

በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ መምህራን በዚህ መሻገሪያ ላይ ቃልን ከነታሪኩና ከተማሪው የአፍ መፍቻ ጋር እያስተያዩ ቢያስተምሩ ልጁ የበለጠ ይጠቀማል ባይ ነኝ። ማስተያያው እቤቱ አለ። በአፋን ኦሮሞ ርኅሩኅ ሰው «ገራ ላፋ» ይባላል፤ ሆዱ ለስላሳ ማለት ነው፣ «ላፋ» ብቻውን ግን ደካማም ይሆናል። አማርኛም ሆደ ቡቡ ይላል፤ ቶሎ የሚከፋውን ደግሞ ሆደ ባሻ ብሎ ይለየዋል። «ደዸቡ» እንደ አማርኛው ደከመ መዛልንም አቅም ማጣትንም ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በተለያዩ ቃላት ይጠራል። ልዩነቱ ያልተነገረው ልጅ አንዱን በሌላው ቦታ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ለወለጋ ቃል መመርመር እንግዳ ሥራ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያሳትም፣ ከጎኑ የነበረችው አስቴር ጋኖ ቃላት ሰብስባ መዝገብ አዘጋጅታለች፤ የኦሮምኛ ማንበቢያቸውም በ1894 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። እንዲህ ያለ ትርጉም ቃልን በቃል በመተካት ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ሕዝቡ ርኅራኄንና ድካምን በምን እንደሚጠራ ጆሮ ሰጥቶ ማድመጥን ይጠይቃል።

የቃል ትርጉም ዛሬ የሚነገርበት እንጂ የጥንት ምንጩ አይደለም የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ናይስ የተባለን ሰው አላዋቂ ብሎ መተርጎም ስህተት ይሆናል። ታሪኩ የሚያስፈልገው ለዛሬው ፍቺ ዳኛ እንዲሆን ሳይሆን ቃሉ እንዳይረሳ መያዣ እንዲሆን ነው፤ ሰይፉን ያሰበ ተማሪ ፎይብልን አይረሳም። ፈተና እየደረሰ ጊዜ የለም የሚለው ይበልጥ ይከብዳል፤ ሆኖም በየምዕራፉ የሁለት ወይም የሦስት ቃላት ታሪክ መንገር ከክፍለ ጊዜው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጅምሩ ከነቀምቴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ክፍሎች ቢመጣ መልካም ነው። በሦስቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀች፣ የመውደድና የድካም ቃላትን ከነምንጫቸው የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ለመምህራኑ አዘጋጁላቸው።