«ቫሊድ» እና እውነት

በዚህ ዓመት ለአንደኛ ዓመት የሎጂክ ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። «ሰዎች ሁሉ ክንፍ አላቸው፤ ከበደ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከበደ ክንፍ አለው። ይህ ሙግት ቫሊድ ነውን?» አብዛኞቹ «አይደለም፤ ሰው ክንፍ የለውም» አሉኝ። የ«ቫሊድ»ን ትርጉም ስጠይቃቸው ግን አንዲት ቃል ሳያዛንፉ በእንግሊዝኛ አነበነቡልኝ።

ሙግቱ ቫሊድ ነው። ቃሉ የሚጠይቀው መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው የግድ ይከተላልን? የሚለውን ብቻ ነው። መነሻዎቹም በተጨማሪ እውነት ሲሆኑ ሙግቱ «ሳውንድ» ይባላል። ተማሪው ግን ቫሊድን የሚያውቀው ጊዜው ካላለፈ መታወቂያ፣ ሳውንድን ከድምፅ፣ አርጊዩመንትን ደግሞ ከጭቅጭቅ ነው። ትርጉሙን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ ሐሳቡ ግን ዘንድሮም አልገባውም።

ጥፋቱን በተማሪው ላይ አልጭንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። እኛ መምህራን ደግሞ ቃሉን ማወቅን ሐሳቡን ከማወቅ ጋር አንድ አድርገን ቆጠርነው። እንዲያውም «አማርኛ ፍልስፍናን አይሸከምም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ለእነርሱ ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ይህ ስሞታ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሲሴሮ ፍልስፍናን በላቲን ሲጽፍ «ግሪክኛው እያለ ምን አደከመህ?» የሚሉ የሮም ምሁራን ነበሩበት። እርሱ ግን ከግሪክኛው ተነሥቶ «ኳሊታስ» የሚል ቃል ፈጠረ፤ ዛሬ እንግሊዝኛው «ኳሊቲ» የሚለው የዚያ ቃል ልጅ ነው። በእኛም አገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። መጽሐፉ የጥበብ አባባሎች ስብስብ እንጂ የሎጂክ መማሪያ አይደለም፤ ቢሆንም ተርጓሚው «ግእዝ አይችልም» ብለው እጃቸውን አላጣጠፉም።

ሁለተኛ፣ አንዳንዴ የእኛው ቃል ይበልጣል። «ቤጊንግ ዘ ክዌስችን» የሚለውን ተማሪዎቼ «ጥያቄን መለመን» እያሉ ይተረጉሙታል። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱትም ብዙዎቹ «ጥያቄ ያስነሣል» ለማለት ይጠቀሙበታል። «መደምደሚያውን መነሻ ማድረግ» ብንል ግን ማንም አይስተውም። «ባለሥልጣኑ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ባለሥልጣን አይሳሳትም» የሚለው ሰው ምን እንዳደረገ ገበሬውም ነጋዴውም ያያል። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ምክንያት መጠየቅንና ማስረጃ መመርመርን በራሳቸው ቋንቋ ያውቁ ነበር።

ነገሩ የክፍል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። የፖለቲካ ውይይቶቻችንን አዳምጡ። አንዱ ምሁር ሌላውን «አድ ሆሚነም ፈጸምክ» ብሎ ይከስሰዋል፤ ወዲያው ደግሞ የተናጋሪውን ብሔር ጠይቆ ሐሳቡን ይጥላል። ቃሉ አንደበቱ ላይ አለ፤ ልቡናው ውስጥ ግን የለም። መንግሥትም ተቃዋሚም መደምደሚያቸውን መነሻ እያደረጉ ሲያቀርቡልን «ይህ አይከተልም» የሚል ዜጋ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሎጂክን የተማረው በፈተና ቋንቋ ነው፤ የሚታለለው ግን በእናቱ ቋንቋ ነው።

እንግሊዝኛው ይቅር አልልም። የፍልስፍናን መጻሕፍት ማንበብ የሚሻ ሁሉ ቃላቱን ጠንቅቆ ሊያውቃቸው ይገባል። «አመክንዮ» ወይስ «ተጠየቅ» በሚለው ገና አለመስማማታችንም እውነት ነው። ሆኖም ስምምነት የሚመጣው በመጠቀም እንጂ በመጠበቅ አይደለም። የምጠይቀው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን ቃል ስናስተምር ተማሪው አስቀድሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ አፍ በፈታበት ቋንቋ የራሱን ምሳሌ ይስጥ፤ ፈተናውም ትርጉም ከማስነብነብ ይልቅ የጋዜጣ ሙግት ያስመርምረው።

እኔ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሬ በክፍሌ እንዲህ አደርጋለሁ። «ደረጃ ዝቅ አደረግህ» የሚለኝ ባልደረባ ካለ፣ መነሻዎቹን ያቅርብልኝና እንሟገት።