የዳነው ሰው ቤቱ ገብቶ ምን ይሥራ?

በሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ አዋላጇም፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛም ስማቸውና ተግባራቸው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የተባለ እንደሆነ ግን፣ እንኳን የሽንዲ ገበሬ የዚህ ጋዜጣ አንባቢም ቢሆን «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ስሙን «የሥራ ሕክምና» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። እኛ ትርጉሙን አንወደውም፤ ሥራ ለፈታ ሰው ሥራ የሚፈልጉለት ያስመስለዋል። «የዕለት ተግባር ሕክምና» ቢባል ወደ ነገሩ ይጠጋ ነበር። ሰው በሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት ያቃተውን ነገር፣ መብላቱን፣ መልበሱን፣ መታጠቡን፣ ማረሱንና መጋገሩን መልሶ እንዲያደርግ ማለማመድ፣ እጁ አልመለስ ያለ እንደሆነም መሣሪያውንና ቤቱን ከእጁ ጋር ማስማማት ነው ሥራው።

ሙያው በዓለም ላይ የትናንት አይደለም። በአሜሪካ ማኅበሩ የተቋቋመው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእንግሊዝ አገር ዶክተር ኤልዛቤት ካሰን የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በብሪስቶል ከተማ የከፈቱት በ1930 ነው። እኛ ዘንድ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ርዳታ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው መተባበር ነው በአገራችን የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት ያስገኘው። በእርግጥ አሳቡ ከዚያ በፊት ጨርሶ አልነበረም ለማለት አይቻልም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ መግደል ብቻውን የደነዘዘችውን እጅ ማንኪያ እንደማያስጨብጣት ገና ከመነሻው ያወቀ ድርጅት ነው።

ሙያው በተስፋፋባቸው አገሮች አዲስ ተመራቂ በአንድ ክፍል አይወሰንም። ጥቂት ወራት በውስጥ ደዌ፣ ጥቂት ወራት በአጥንት ክፍል፣ ከዚያ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መርጋት ካጋጠማቸው ሕሙማን ዘንድ፣ ከዚያም በቃጠሎ ወይም በአእምሮ ሕመም ክፍል እየተዘዋወረ ይሠራል። አጣዳፊ ሕመም በሚታከምበት ሆስፒታል በሽተኛው የሚተኛው ጥቂት ቀን ነው፤ አልጋው ለሌላ ይፈለጋል። ስለዚህ ባለሙያው ገና ጧት የሚጠይቀው «ቤትህ ምን ይመስላል? ማን አለህ? ውኃውን ማን ይቀዳል?» እያለ ነው። ሐኪሙ ሳንባውን ሲያዳምጥ እሱ ቤቱን ያዳምጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን መዘዋወር የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸውም ከንቱ አይደለም። ወጣቱ የክፍሉን ሥራ ለመድኩ ሲል ይነሣል፤ በሽተኛው ያመነውን ሰው ያጣል፤ አለቃውም በየጊዜው እንደ አዲስ ያስተምራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ብዙ ባለሙያ ባለበት አገር መዘዋወር የትምህርት ዘዴ ሲሆን፣ እንደኛ ባለው አገር ከዚያ ያለፈ ነገር ነው። ወደ ፍኖተ ሰላም አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ቢላክ፣ ዛሬ እግሩ የተሰበረ፣ ነገ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት፣ ከነገ ወዲያ የሚጥል በሽታ ይዞት ምድጃ ላይ የወደቀ ሕፃን ይቀርብለታል። በአንድ ክፍል ብቻ ያደገ ባለሙያ እዚያ ምን ይሠራል?

እስቲ የወንበርማን ገበሬ እናስብ፤ በቆሎና በርበሬ የሚያመርተውን። በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይይዛል። ይህ ሰው ድንገት ቀኝ ጎኑ ቢዝልበት፣ ቡሬ ደርሶ፣ ፍኖተ ሰላም ተልኮ፣ ምናልባትም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ድረስ ሄዶ ነፍሱ ትተርፋለች እንበል። ደም ግፊቱ ወረደ፣ መድኃኒቱ ታዘዘ፣ «ድነሃል፣ ሂድ» ተባለ። ሽንዲ ሲገባ ግን መደቡ ዝቅ ያለ ነው፤ መጸዳጃው ቁጢጥ የሚሉበት ነው፤ ቤቱ እስኪደርስ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ ነው። ልጆቹ ወደውት ያጎርሱታል፣ ያለብሱታል፣ ይደግፉታል። ከዚህ ሁሉ ደግነት የተነሣ በዓመቱ ከመደቡ የማይነሣ ይሆናል። አስታማሚ በአገራችን ሆስፒታል የማይተካ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን መቼ መርዳት፣ መቼ እጅን መሰብሰብ እንዳለበት ያስተማረው የለም። ይህን ማስተማር የዚህ ሙያ ግማሽ ሥራ ነው እንላለን።

የውጭው መጽሐፍ በሽተኛውን ሻይ አፍልቶ እንዲያሳይ ያዘዋል። ለእኛ እናት ሻይ ማፍላት ምን ይፈይድላታል? ፈተናዋ ሊጡን በምጣዱ ላይ ማዞር፣ አክንባሎውን ማንሣት፣ እንጀራውን ሳይቀደድ በሰፌድ ማውጣት ነው። ቡናውንም ትወቅጣለች። አንድ እጅ ብቻ ለቀራት ሴት ሙቀጫው እንዳይንሸራተት ከሥሩ ምን ይደረግ? መልሱ ከውጭ አይመጣም፤ የሽንዲ ጓዳ ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነውም ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ቆሞ ስለ ማስቀደስ ነው። (መቋሚያን የሚያህል የመደገፊያ ዕቃ ከጥንት ይዘን ክራንች ከውጭ መጠበቃችን መቼም ያስገርማል።)

ስለ ወጌሻም ሳንናገር አናልፍም። ስብራት ሲደርስ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ብዙዎቹም እጃቸው የተባረከ ነው። ሆኖም ቀርከሃው ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ልጁ እጁን ያጣል። ወጌሻውን መስደብ ቀላል ነው፤ ከተሜዎቹ ስንሰድብ ኖረናል። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠቁር ወይም ሲደነዝዝ ወዲያው ማላላትና ወደ ሆስፒታል መላክ እንደሚገባ አብሮ ተቀምጦ ማስረዳት ግን ከአንድ ዙር ባለሙያ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ጀማሪው በሆስፒታሉ ክፍሎች ከዞረ በኋላ አንዱ ዙር ከሆስፒታሉ ውጭ፣ በቡሬና በሽንዲ፣ ከአልጋ የተነሡትን በየቤታቸው በመከተል ይሁን። «ወጣት ወደ ገጠር አይሄድም» የሚሉን መምህራን የራሳቸውን ታሪክ ያስታውሱ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኰንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛውን በአንድ ቡድን ለገጠር እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ደንብ ወጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ያጉረመረመ አልጠፋም፤ የሄደው ግን ብዙ ነበር።

«ገንዘቡስ?» ለሚሉን፣ የእጅ መደገፊያ ከጀሶና ከጨርቅ ይሠራል፤ የማንኪያ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍራል፤ ለመጸዳጃው የሚሆን ባለ ቀዳዳ ዱካ የሽንዲ አናጢ ይሠራዋል። የሚከብደው የሰው መደብ ነው። መደብ ያልተከፈተለት ሙያ የተማረውን ሰው ወደ ውጭ አገር ይሸኛል፤ ሎንዶንና ቶሮንቶም እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በመጪው ስብሰባ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዞ፣ በየሆስፒታሉ ለዚህ ሙያ ስንት መደብ እንዳለ ለጤና ቢሮው በጽሑፍ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። የቡሬና የወንበርማ ልጆች የሆንን ደግሞ በክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ከሆስፒታል ተመልሰው በመደብ ላይ የቀሩትን ጎረቤቶቻችንን ስማቸውን ሳንጽፍ ምን ማድረግ እንዳቃታቸው መዝግበን ለማምጣት ተስማምተናል። አብሮ ለመመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ለጋዜጣው አዘጋጆች ያስታውቅ።