ከሰልን መተውና የጎረቤት ኑሮ



አማርኛ የሚማር ሰው «ከሰል» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ሁለት ነገር መለየት ይገባዋል። ከእንጨት የሚከስለው ከሰል ብቻ ይባላል፤ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣው ግን የድንጋይ ከሰል ነው። ነዶ የቀላው ፍም ይባላል። ይህም ቃል በግዕዝ ፍሕም፣ በትግርኛ ፈሓም፣ በዐረብኛ ፈሕም ከሚባለው ጋራ ዘመድ ነው። ስለዚህ በካርቱም ከተማ ዴም በተባለው ሰፈር አማርኛ ተናጋሪው፣ ትግርኛ ተናጋሪውና ሱዳናዊው በከሰል ገበያ ለመግባባት እምብዛም አይቸገሩም ነበር።

ዴም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የኖሩበት ሰፈር ነው። በየመንገዱ ዳር ቡናና ሻይ እያፈሉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች ይታወቁበት ነበር። የእነርሱ መሣሪያ ጀበናና ማንደጃ ነው፤ ማንደጃውን ትግርኛ ተናጋሪው ፈርኔሎ ይለዋል። ከሰሉም ከምሥራቅ ሱዳንና ከጥቁር ዓባይ አገር፣ ግራሩ ተቆርጦ፣ በአፈር ተደፍኖ፣ ቀስ ብሎ ከከሰለ በኋላ በጆንያ ይመጣል። እንግዲህ ከአንዲት ማንደጃ በስተኋላ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙና ቸርቻሪው ሁሉ ይተዳደራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ከካርቱም በስተሰሜን በጀይሊ የነዳጅ ማጣሪያ ከተከፈተ ወዲህ የጋዝ ምድጃ በየቤቱ ተስፋፋ። ጥቅሙ አያጠራጥርም፤ የእናቶች ዓይን ከጭስ ዐረፈ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል የመታፈን አደጋም ቀነሰ። ይሁን እንጂ ከሰል በጣሳ ተሰፍሮ ለዕለት ይገዛል፤ ጋዝ ግን የሙሉውን ሲሊንደር ዋጋ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ገቢዋ የዕለት የሆነ ሴት ይህን ከየት ታመጣለች? በዚህም ምክንያት በብዙ ቤት ወጡ በጋዝ፣ ቡናው በከሰል ሆኖ ቀረ።

ሌላም የቀረ ነገር አለ። አማርኛ «እሳት መጫር» ይላል፤ ከጎረቤት ምድጃ ፍም ማምጣት ማለት ነው። እሳት ልትጭር የሄደች ሴት ፍም ብቻ ይዛ አትመለስም፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ወለደች፣ ማን ሥራ እንዳጣ ሰምታ ትመለሳለች። በክብሪት የሚለኮስ ጋዝ ግን ጎረቤት አያስጠይቅም።

ይህ ነገር በድንጋይ ከሰል አገሮች በሰፊው ታይቷል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1984 መንግሥት 20 ጉድጓዶች ሊዘጉ፣ 20,000 የሥራ ቦታዎችም ሊጠፉ መሆኑን ባስታወቀ ጊዜ ሠራተኞቹ እስከ መጋቢት 1985 ሥራ አቁመው ታግለው ተሸነፉ። መንደሩ በጉድጓዱ ምክንያት የተመሠረተ ስለ ነበር፣ ጉድጓዱ ሲዘጋ ሱቁም የሠራተኞቹ ክበብም አብረው ደከሙ። በጀርመን ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ቀጠሮ ተቆርጦ የመጨረሻው ጉድጓድ በቦትሮፕ በታኅሣሥ 2018 ተዘጋ። በመካከሉ ጎልማሳው ሌላ ሥራ እንዲይዝ፣ ዕድሜው የገፋው በጡረታ እንዲያርፍ ተደረገ። ሐዘኑና ሥራ አጥነቱ ፈጽሞ ባይቀርም፣ ቤተሰቡ ግን በአንድ ቀን አልተበተነም። ልዩነቱ ጊዜ ሰጥቶ ማዘጋጀት ነው።

በካርቱም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ተነሣ። ማጣሪያው ተቃጠለ፤ ጋዝም ብርቅ ሆነ። ሕዝቡ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመለሰ፤ በነጭ ዓባይ ዳር የነበረው የሱኑት ደንም ለማገዶ ተመነጠረ። ከዴም ብዙዎች ተሰደዱ። የተሰደደች እናት ሲሊንደር ተሸክማ አትሄድም፤ በደረሰችበት ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት ታነዳለች።

ስለዚህ ከሰል ይቅር የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሹም አስቀድሞ ወደ መንደሩ ወርዶ ይጠይቅ፤ በዚህ እሳት የሚኖረው ማን ነው? ነገስ በምን ይኖራል? ድኻዋ የምትችለው አነስተኛ ሲሊንደር፣ ለአክሳዩም ሌላ እንጀራ ቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ከሰል የቀረ ይመስላል እንጂ አይቀርም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ተመልሶ ይገባል።