ባዶ ወረቀት የዘመድ ወዳጅ ነው



ከጉብርየ ግቢያችን ተመርቆ ወልቂጤ ከተማ የገባ ወጣት መጀመሪያ የሚቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ነው፤ ቀጥሎ የሚቆመው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ከርሱ በፊት የመጣ ሰው ሲቪ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ስሙ ይለወጣል፥ የትውልድ ዘመኑ ይለወጣል፥ ስልኩ ይለወጣል፤ የቀረው እንዳለ ይታተማል። «ታታሪ ነኝ፥ በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት እችላለሁ፥ ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ።» ቡታጅራም ሄዳችሁ ብታዩ ነገሩ ያው ነው። የጠቅላላ አገልግሎት ወይም የሕንፃ ጥገና ባለሙያ ለመቅጠር በተሰበሰበ ኮሚቴ ፊት አርባ ወረቀት ቢቀርብ አርባውም ታታሪ ነው፥ አርባውም ተግባቢ ነው።

እንግዲህ ኮሚቴው በምን ይምረጥ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፥ ሻይ ቤት ተቀምጠንም ስናማው እንውላለን፤ በዘመድ ነው፥ በወንዝ ልጅነት ነው እንላለን። ሐሜቱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ለአድሎው መንገዱን የጠረግንለት እኛው ራሳችን መሆናችንን ማንም አያነሣም። አርባ ወረቀት አንድ ዓይነት ሲሆን የእኅቱን ልጅ የሚቀጥር ሹም የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ማንንም ቢመርጥ የሚከሰው ወረቀት የለምና። ይባስ ብሎ ሲቪያችንን የምንጀምረው በምንድን ነው? በትውልድ ስፍራ፥ በወረዳ፥ በቀበሌ፥ በሃይማኖት፥ በጋብቻ ሁኔታ! ዘመዱን ለሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ ከላይ ጽፈን እንሰጠዋለን፤ የሠራነውን ሥራ ግን ከታች፥ ያውም ከጻፍነው፥ በአንድ መስመር እንቀብረዋለን።

«ሲቪ ምን ዋጋ አለው፥ ሥራ የሚገኘው በሰው ነው» የሚል ወንድም አለ። ይህ ወንድም ተስፋ በመቁረጡ አዋቂ የሆነ ይመስለዋል። በቁጥርና በቀን የተጻፈ ወረቀት አድሎን ያጠፋል አላልኩም፤ ቅሬታ ለሚያቀርብ ሰው ግን የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል እላለሁ። «እኔም ታታሪ ነበርኩ» ብሎ ይግባኝ የሚቀርብበት ቢሮ የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራው እንምጣ። ብዙዎቻችን «ጠቅላላ አገልግሎት» ሲባል መጥረጊያና የቁልፍ ዘለላ ብቻ ይታየናል፤ ሌላ ያጣ ሰው የሚገባበት ክፍል ነው ብለን እንሳለቃለን። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለሕንፃና ለግቢ አስተዳደር፥ ለመድኃኒትና ለነርስ ሥራ እንደሰጠው ሁሉ፥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 አይኤስኦ 41001 የተባለ ደረጃ ለዚሁ ሙያ አውጥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡታጅራ ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ጥገና መካከል መብራት ቢጠፋ የበሽተኛው ሕይወት በሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም፤ ጄኔሬተሩን ትናንት ባስነሣው፥ ነዳጁን በለካው፥ ባትሪውን ባየው ሰው እጅ ጭምር ነው። ስለ ውሃ ለወልቂጤ ሰው መንገር አያስፈልግም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውሃ አጣን ብለው አደባባይ ከወጡት የከተማችን ነዋሪዎች መካከል በጸጥታ ኃይሎች የተገደሉ አሉ። የፓምፕና የማጠራቀሚያ ነገር እንደ ተራ ነገር የሚታይበት ከተማ ውስጥ አይደለም የምንኖረው።

ታዲያ ይህን ሥራ የሚያውቅ ልጅ መካከላችን የለም? አለ እንጂ! አንድ የማውቀው ተመራቂ ሦስት ክረምት ሙሉ ቡታጅራ ውስጥ ከአጎቱ ጋር ቧንቧ ሲዘረጋ፥ የውሃ ማጠራቀሚያ ሰቅሎ ሲያገናኝ ከርሟል። ሲቪውን ባሳየኝ ጊዜ ስለዚህ አንድ ቃል አላገኘሁበትም። «ዲግሪ ይዤ የቧንቧ ሥራ ልጻፍ?» አለኝ። በምትኩ በትርፍ ጊዜው መጽሐፍ ማንበብ እንደሚወድ ጽፏል። (አይወድም፤ እኔ ምስክር ነኝ።)

ይህን ኀፍረት ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። ከአባቶቻችን እንዳልወረስነው ግን እርግጠኛ ነኝ። የጉራጌ ገበሬ በየመንደሩ ጀፎረውን ማንም አጥሮ እንዳይወስደው፥ ማንም እንዳያርሰው በባህል ሕግ እየዳኘ ትውልድ ለትውልድ ያስተላለፈ ነው። ልጆቹም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቀምጠው ከንግድና ከጉልበት ሥራ ካገኙት እያዋጡ የጉራጌን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። የሠሩበትን እጅ አልደበቁም።

«የጥገና ልምድ አለኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። «በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለስምንት ሳምንት በአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት የመጸዳጃ ቤቶቹን ቧንቧና ቫልቭ ከአንድ ባለሙያ ጋር ለውጫለሁ፤ የተለወጠውን ዕቃ መዝግቤያለሁ፤ ኃላፊው በዚህ ስልክ ይመሰክራሉ» የሚለው ግን ሊጠየቅና ሊጣራ የሚችል ነው። ጄኔሬተር ያስነሣ ስንት ኬቪኤ እንደሆነና በየስንት ሰዓቱ ዘይት እንደሚለወጥ ይጻፍ። ግምጃ ቤት ያገዘ ዕቃ በሞዴል 19 እንዴት እንደሚገባ፥ በሞዴል 22 እንዴት እንደሚወጣ ማወቁን ይጻፍ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይህን ባየ ጊዜ ቀና ይላል። የጽዳት ሠራተኞችን ተራ ያወጣ ስንት ሰው እንደነበሩ ይጻፍ። የብቃት ምዘና ያለፈ ደረጃውንና ዓመተ ምሕረቱን ከስሙ ሥር ያኑር። ከሁለት ገጽ አይለፍ። የውሸት የሥራ ልምድ የሚያስጽፍ ደግሞ አለ፤ የመጀመሪያው ፊውዝ ሲቃጠል ይጋለጣል፥ ከርሱ በኋላ የሚመጣውንም የግቢያችን ልጅ ያሳማል።

ለመምህሮቻችንም ቅሬታ አለን። ከተግባር ልምምድ ስንመለስ የሚሰጠን ደብዳቤ «ልምምዱን በመልካም ጠባይ አጠናቋል» ይላል። ጠባያችንን እናታችንም ትመሰክራለች! ተማሪው ምን ነካ፥ ምን ፈታ፥ ምን ገጠመ፥ ስንት ቀን ብቻውን ቆመ፤ ይህ በደብዳቤው ይዘርዘርልን። ፎርሙን የሚያረቅ ሰው ካልተገኘ የተማሪዎች ኅብረት ያረቀዋል፤ መምህራን ይፈርሙበት።

ኅብረቱም ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ከፍቶ የተመራቂዎችን ሲቪ በቀይ እስክሪብቶ እንዲያርም ለሥራ አስፈጻሚው ጥያቄ አቅርቤአለሁ። አራሚዎቹ እኛ ተማሪዎች ብቻ ባንሆን ደስ ይለኛል፤ የግቢያችን ኤሌክትሪሽያንና የቧንቧ ሠራተኛም አብረውን ይቀመጡ። አራት ዓመት ስንማር ወደ እነርሱ ክፍል የሄድነው አንሶላ ለመቀበልና ቁልፍ ለመመለስ ብቻ ነው።