የወይኑ አጥር ልጅቷ ናት

«እንስሳቱ እኮ ቀድመው ነበሩ!»

ይህችን አባባል ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት ቦሌ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ከዝዋይ (ባቱ በሉት) በተመለስኩ ማግስት ለአንድ ወዳጄ ስልኬ ላይ ያለ ፎቶ አሳየሁት። ፎቶው ላይ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ የተቧጨረ የወይን ዘለላ አለ። ከዘለላው አጠገብ ወንጭፍ የያዘች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቆማለች። ወዳጄ ግን ያየው ከኋላ፣ ግራሩ ላይ የተቀመጠችውን ጦጣ ነው። «ውይ ስታምር! ምን ታድርግ፣ ቤቷ እኮ ነው…» አለና ያችን አባባል ወረወራት። ከዚያ ማኪያቶውን ማማሰል ቀጠለ።

ልጅቷስ? ልጅቷን አላያትም። እኔን ያናደደኝም ይሄ ነው።

ነገር ሳይበላሽ አንድ ነገር ልበል። ጦጣዋ ትገደል የሚል ጽሑፍ አይደለም ይሄ። እኔም የዱር እንስሳ እወዳለሁ፤ ስለ ቀይ ቀበሮ የተሠራ ፊልም እያየሁ ያነባሁ ሰው ነኝ (ምስክር አለኝ)። ግን የእኛ የከተሜዎቹ ፍቅር ነፃ ነው፤ አምስት ሳንቲም አያስወጣንም። ፍቅራችንን የምትከፍልልን ያቺ ወንጭፍ የያዘች ልጅ ናት፤ የምትከፍለውም በትምህርት ቤት ቀኖቿ ነው። ክርክሬ ይሄው ነው፤ ሌላው ማብራሪያ ነው።

ልጅቷ የአጎቴ ልጅ ናት። አጎቴ ሐይቁ ዳር ሩብ ሄክታር የማትሞላ ማሳ አለችው። ድሮ ሽንኩርት ነበር የሚያመርትባት። የሽንኩርት ዋጋ አንድ ዓመት ሰማይ ወጥቶ በሚቀጥለው አፈር ሲበላ ሰለቸውና ወይን ተከለ። ወይን ደግሞ ትዕግሥት የሚፈልግ ተክል ነው፤ ደህና ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ግድም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽቦ ወጠረ፣ ገረዘ፣ ውኃ አጠጣ። በሦስተኛው ዓመት ዘለላው ሲንጠለጠል ደስታው ልዩ ነበር። ያን ጊዜ እኛም ደስ አለን፣ ወፎቹም ደስ አላቸው።

ፈረቃ አላቸው ስላችሁ! ጎሕ ሲቀድ ወፍ ይገባል። ረፋድ ላይ ጦጣ። ሲመሽ ከርከሮ። ሌሊት ጃርት ይመጣና የለጋውን ተክል ልጥ ዙሪያውን ግጦት ይሄዳል፤ ጠዋት ስታየው ተክሉ የቆመ ይመስላል፣ ግን ሞቷል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጉማሬው ነው። ጉማሬው እንኳን ወይኑን ፈልጎ አይደለም የሚመጣው፤ ከሐይቁ ወጥቶ ሣሩን ሊግጥ ነው። ችግሩ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንግዳ በሽቦ መካከል ሲያልፍ ሽቦ የሚባል ነገር አይቀርም። አጎቴ «ሌባ ቢሆን እከሰው ነበር፣ ይሄ እኮ መንገደኛ ነው» ይላል። ሲስቅም ሲያዝንም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት በተበላው ፍሬ ብቻ አይለካም። ወፍ የምትበላው ጥቂት ፍሬ ነው፤ የምትወጋው ግን ብዙ ነው። የተወጋችው ፍሬ ጭማቂ ታወጣለች፣ ተርብና ዝንብ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሻጋታው ወደ ጎረቤቷ ይተላለፋል። በሳምንት ውስጥ ዘለላው በሙሉ ይበሰብሳል። ፍራፍሬ ነጋዴው መጥቶ አንዴ ገለጥ አድርጎ ያይና «ይሄ አይሆንም» ብሎ መኪናውን ያስነሳል። እና «ትንሽ ቢበሉ ምን አለበት» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

ቤተሰቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየወቅቱ አዲስ «ፕሮጀክት» አለ፤ አጎቴ ራሱ ነው ፕሮጀክት የሚላቸው። የመጀመሪያው ማስፈራሪያ ነበር፤ የራሱን አሮጌ ካፖርት በእንጨት ላይ አልብሶ ማሳው መሐል አቆመው። በአራተኛው ቀን ጦጣዋ የካፖርቱ ትከሻ ላይ ቁጭ ብላ ወይን ስትበላ ተገኘች። በሚቀጥለው ወቅት የካሴት ክር መጣ። አክስቴ ከሠርጓ ጀምሮ ያጠራቀመቻቸውን ካሴቶች ፈታ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ወጠረችው። ነፋስ ሲነካው ይጮኻል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ወፎቹ ለአንድ ሳምንት ያህል ፈሩ፤ ከዚያ ለመዱት። (የካሴቶቹ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ያሳደጉኝ ዘፈኖች ናቸው ወይን ላይ የተንጠለጠሉት።) ከዚያ የእሾህ አጥር ታጠረ፤ ጃርት ከሥር ቆፍሮ ገባ። ከዚያ ውሻ መጣ፤ ውሻውን ጅብ በላው።

ከዚያ ደግሞ መረብ። የወይን መረብ አዲሱን መግዛት የማይታሰብ ስለነበር አጎቴ ከሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ያረጀ መረብ ለምኖ አመጣና ተክሉን አለበሰው። ይሄኛው እውነትም ረድቶ ነበር። ግን መረቡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ወፎቹ ይገቡና መውጫው ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ ሌላ ሥራ ተጨመረላት፤ የተጠላለፉትን ወፎች አንድ በአንድ እየፈታች መልቀቅ። በዓይኔ አይቻታለሁ። ክንፉ እንዳይሰበር በሁለት ጣቷ ክሩን ታላቅቃለች፣ ትለቀዋለች፣ ከዚያ ወንጭፏን አንስታ ያንኑ ወፍ ታባርራለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ከእሷና ከካፌው ወዳጄ የዱር እንስሳ ጥበቃ የገባው የትኛው ነው?

ከፕሮጀክቶቹ ሁሉ ሳይከሽፍ የቆየው አንድ ብቻ ነው። እሱም ልጅቷ ናት።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው ልውሰዳችሁ፤ የነገሩ ክፋት እዚያ ላይ ነው ያለው። በአውሮፓ ወይን የሚያርፈው በብርድ ነው። እኛ ጋ፣ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት፣ ወይኑን የሚያስተኛ ክረምት የለም። የሚያነቃው መቀሱ ነው፤ ስትገርዘው ይነሳል፣ ከአራት ወር ግድም በኋላ ፍሬው ይደርሳል። ዝናቡ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅና ዝናብ ሻጋታ ይዞ ስለሚመጣ አጎቴ የሚገርዘው መስከረም ማብቂያ ላይ ነው። ቁጠሩት… ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ፍሬው ቀለም የሚለውጠው፣ ስኳር የሚገባው፣ ጦጣዋ ጎረቤቶቿን ጠርታ የምትመጣው ጥር ላይ ነው። የመንፈቅ ፈተናስ መቼ ነው? ጥር!

«ታዲያ ለምን ክረምት ላይ እንዲደርስ አያደርጉትም? ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው» አለኝ ሌላ ጎበዝ። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ይህንኑ ለአጎቴ አቅርቤ ነበር። ሐምሌ ላይ የደረሰ ወይን ከወፍ ይተርፍና በዝናብ ይበሰብሳል አለኝ። ተፈጥሮ ለልጅቷ የሰጠቻት እረፍት ወይኑ የማይጠበቅበት ወቅት ብቻ ነው።

አምና ጥር ልጅቷ ሦስት ሳምንት ገደማ ከትምህርት ቀረች። ከሁለት ፈተናዎች አንዱን ደረሰችበት፣ አንዱ አመለጣት። አስተማሪዋ «ወላጅ አምጪ» አላት። ወላጁ ሌሊት ጉማሬ ሲጠብቅ ያድራል፣ ቀን ገበያ ይሮጣል። ማን ይምጣ?

ከዚያው ከዝዋይ ሳንወጣ ሌላ ታሪክ ልንገራችሁ። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚያው አካባቢ ከመቶ ሄክታር በላይ ወይን ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ሲያቀርብ፣ የውጭ ጋዜጠኞች ሁሉ የጻፉት አንድ ነገር ነበር። እርሻው ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባበት ዙሪያውን ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮለታል። ጋዜጦቹ እንደ ተረት አጣፍጠው ነው የጻፉት፤ አፍሪካ፣ ዘንዶ፣ ወይን… ይሸጣላ! እኔ ኩባንያውን አልወቅስም። ገንዘብ ያለው ሰው ቦይ ቢቆፍር ምን ነውር አለው? እንዲያውም ያደረገው ነገር ትክክል ነው፤ እንስሳ አልገደለም፣ ልጅም አላቆመም። እኔ የምለው ቦይ መቆፈሪያ የሌለው ሰው በቦዩ ፈንታ ልጁን ያቆማል ነው። ጉማሬው ቦይ ሲያጋጥመው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ጾሙን አያድርም። ዞሮ ቦይ ወደሌለው ማሳ ነው የሚሄደው።

ራቅ ብለን ኬፕ ታውን እንሂድ። ኮንስታንሺያ በሚባለው ሰፈር ከ1685 ጀምሮ ወይን ይመረታል፤ ዝንጀሮዎቹም ከተራራው እየወረዱ ወይን ይበላሉ። እዚያ ግን ከተማው ለዓመታት ደመወዝተኛ የዝንጀሮ ጠባቂዎች አሰማርቶ ነበር፤ የቀለም ኳስ የሚተኩስ ጠመንጃ ይዘው መንጋውን ወደ ተራራው የሚመልሱ። ወይን ገበሬዎቹ የኤሌክትሪክ አጥር አላቸው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንድ የወይን እርሻዎች ዝንጀሮ ለመግደል ፈቃድ ማግኘታቸው ሲሰማ አገር ምድሩ ተቆጣ። ይቆጣ፣ ደግ አደረገ! ግን እዚያ የተቆጣው ከተሜ ቢያንስ የጠባቂው ደመወዝ በግብሩ ውስጥ ነበረበት። እኛስ ለቁጣችን ምን አዋጣን?

ሕጉን ብትሉ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። መልካም ነው፤ ይከልከል። አጎቴም ሕግ አክባሪ ነው፣ ከወንጭፍ ያለፈ መሣሪያ አላነሳም። ነገር ግን ሕግ ለገበሬው «አትንካ» ካለው በኋላ «የተበላብህንስ እንዲህ አድርገን እንክስሃለን» የሚል ሰው ደጁን አንኳኩቶ አያውቅም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የዱር እንስሳት ሕግ ሰው ለሞተበት፣ ለተጎዳበትና ሰብሉ ለወደመበት ቤተሰብ ካሳ እንዲከፈል ደንግጋለች። ክፍያው ለዓመታት እየተጓተተ ሕዝቡ ሲማረር መክረሙ እውነት ነው። ግን ኬንያዊው ገበሬ ቢያንስ «ያላችሁትን አምጡ» ብሎ የሚሟገትበት ወረቀት በእጁ አለ።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ አንባቢ «እኛስ ማማ ላይ ቆመን አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?» ሊል ነው። ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን እርስዎ ማማ ላይ በነበሩ ጊዜ ጎረቤትዎም ማማ ላይ ነበር፤ ሁላችሁም እኩል ነበር የቀራችሁት። ዛሬ ያቺ ልጅ የምትፈተነው ጥር ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የአዲስ አበባ ልጅ ጋር፣ በዚያው በአንድ ብሔራዊ ፈተና ነው። ስለ ማማ ስታወሩ ጨረቃዋንና ዘፈኑን ታነሳላችሁ፤ ያመለጠውን ፈተና ግን ማን አነሳው?

የምጠይቀው ሰማይ ውረድ አይደለም። ወይኑ ጠባቂ የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ስኳር ከሚገባው ጀምሮ እስኪለቀም ነው፤ አንድ ወር ተኩል ቢሆን ነው። ያን ጊዜ ሥራ ፈትተው ከተማው መናኸሪያ ላይ የሚውሉ ወጣቶች ሞልተዋል። አምስት አሥር ማሳ አንድ ላይ ሆኖ ሁለት ወጣት ቢቀጠር፣ ደመወዙ ደግሞ በገበሬው ጫንቃ ብቻ ሳይሆን እንስሳቱን «የአገር ሀብት» ከሚላቸው መሥሪያ ቤት፣ ጉማሬ ለማየት በጀልባ ከሚሄደው ቱሪስት፣ ከምንጠጣው ጠርሙስ ግብር ላይ ቢቆረጥ ምን ይጎድልብናል? በሐይቁ ዳር አንድ የጋራ ቦይስ ለሁሉም ማሳ ቢቆፈር? የወፍ መረብ እንደ ቅንጦት ዕቃ ሳይሆን እንደ ማዳበሪያ ቢታይስ? ይህ ሁሉ ከባድ ነው ካላችሁም፣ ትምህርት ቤቱ ፈተና ላመለጣት ልጅ «ወላጅ አምጪ» ከማለት ይልቅ ሁለተኛ የፈተና ቀን ቢሰጣት በጀት አይጠይቅም። ፈተናው ካለፈ በኋላ መቆጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ያንን የካፌ ወዳጄን ግን እንዲሁ አልተውኩትም። ለሚቀጥለው ጥር ጋብዤዋለሁ። ሦስት ቀን ብቻ፣ ከጎሕ እስከ ምሽት፣ ምግብና መኝታ በአጎቴ፣ ወንጭፍ በልጅቷ። ጦጣዎቹን እንደ ልቡ ፎቶ ያነሳል፣ በዚያውም ወፍ ከመረብ ይፈታል። ሦስቱ ቀኖች የተመረጡት በፈተናው ሳምንት ነው። መልእክቱን ከላክሁለት ሁለት ሳምንት ሆነው። እንዳነበበው ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ያሳያሉ፤ መልስ ግን እስካሁን የለም።